ዓይናቸውን ስለተናዘዙት አባት

ጥያቄ፦ አባታችን 72 ዓመታቸው ነው፤ ብዙ ዘመን በመምህርነት አገልግለው ጡረታ ወጥተዋል። በቅርቡ በሬዲዮ ስለ ዓይን ብሌን ልገሳ ሲነገር ሰምተው «ስሞት ዓይኔን ለሚያይበት ሰው ስጡልኝ» ብለው በቤተሰቡ ፊት ተናዘዙ። እናታችን «ገናዦች አይተው ምን ይላሉ? በትንሣኤስ ዕለት ያለ ዓይን ሊነሡ ነው ወይ?» ብለው አለቀሱ። ታላቅ ወንድሜ ደግሞ መነጽር የሚያደርግና ሞራ የተገፈፈለት የሽማግሌ ዓይን ለማንም አይጠቅምም ይላል። ቃላቸውን ለመፈጸም ምን ማድረግ ይገባናል?
ስሜ ይቆይልኝ፣ ከቢቸና

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ የወንድምዎ ጥያቄ በአጭሩ የሚመለስ ስለሆነ ከእርሱ እጀምራለሁ። ለንቅለ ተከላ የሚያገለግለው ከዓይን ፊት ለፊት የሚገኘው፣ ውፍረቱ ግማሽ ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነው የጠራ ስስ ሽፋን ነው፤ እዚህ የዓይን ብሌን የምንለውም እርሱን ነው። ሞራ የሚያጠቃው ከዚህ ሽፋን በስተኋላ ያለውን ሌንስ በመሆኑ፣ መነጽር ማድረግም ሆነ ሞራ መገፈፍ ብቻውን ከልገሳ አያግድም፤ የስኳር ሕመምም እንዲሁ። ኤች አይ ቪ፣ የጉበት ቫይረስና የእብድ ውሻ በሽታ ግን ያግዳሉ፤ ስለዚህ የለጋሹ ደም ይመረመራል፣ ብሌኑም በማይክሮስኮፕ ታይቶ ለሥራው መብቃቱ ይወሰናል። ይህ የዓይን ክፍል የደም ሥር ስለሌለው እንደ ኩላሊት የለጋሽና የተቀባይ የደም ዓይነት ካልተመሳሰለ የሚባልበት አይደለም፤ የአንድ ሰው ሁለት ዓይኖች ለሁለት ሰዎች ብርሃን ሊሆኑ ይችላሉ።

የእናትዎን ለቅሶ ግን በአጭሩ ማለፍ አይገባም። ባለሙያው ሥራውን ሲጨርስ የዓይኑን ቅርጽ አስተካክሎ ሽፋሽፍቱን ይከድናል፤ ገናዦች የሚያዩት እንዳንቀላፋ ሰው የተከደነ ዓይን ነው፤ ፊቱ አይበላሽም፣ ግንዘቱም ሆነ ፍትሐቱ አይስተጓጎልም። ስለ ትንሣኤ የጠየቁትን ለነፍስ አባታቸው ቢያቀርቡት መልካም ነው። ሆኖም ኅዳር 27 ቀን የምናስባቸው ቅዱስ ያዕቆብ ግሙድ ሕዋሳታቸው አንድ በአንድ እየተቆረጠ በሰማዕትነት ያለፉ መሆናቸውን እናትዎ በስንክሳር ሲነበብ ሳይሰሙ አልቀሩም፤ እንዲያ የተቆራረጠውን አካል የሚያስነሣ አምላክ በአንዲት ስስ ሽፋን መጉደል ይቸገራል ብዬ አላምንም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልመለስ። ብሌኑ ሕይወት ካለፈ በኋላ በ6 ሰዓት ገደማ ውስጥ መነሣት አለበት፤ በጊዜው ከተነሣ ግን በልዩ ፈሳሽ ውስጥ ሆኖ ለቀናት ሊቆይ ይችላል። በእኛ አገር ደግሞ ሰው ሌሊት ቢያርፍ ዘመድ እስኪነጋ ደብቆ ማደሩ፣ ከዚያም የዕድሩ ጥሩምባ ተነፍቶ ጎረቤት መሰብሰቡ፣ ወደ ገጠር መልእክተኛ መላኩ የተለመደ ነው፤ በዚህ መካከል ስድስቱ ሰዓት ያልቃል። ስለዚህ የልገሳ ቅጽ ሞልቶ በሳጥን ውስጥ ማስቀመጥ ብቻውን ከንቱ ነው። አባትዎ ቃላቸውን ለነፍስ አባታቸው፣ ለዕድሩ ዳኛና በመጨረሻው ሰዓት አጠገባቸው ሊገኝ ለሚችል ሰው ሁሉ በራሳቸው አንደበት ይንገሩ፤ በኀዘን ላይ ያለ ቤተሰብ እሺ ካላለ ሐኪሙ አስገድዶ አይወስድምና። እርስዎም እ.ኤ.አ. በ2003 ለተቋቋመውና አሁን በኢትዮጵያ ደምና ሕብረ ሕዋስ ባንክ አገልግሎት ሥር ላለው የዓይን ባንክ አስቀድመው ደውለው፣ አባትዎ ቢቸና ሳሉ ቢያርፉ በሰዓቱ የሚደርስ ባለሙያ መኖሩን ያረጋግጡ። የሚደርስ ከሌለ ኑዛዜው በቢቸና ሊፈጸም አይችልም፤ ለሕክምና አዲስ አበባ ሳሉ ከሆነ ግን ሊፈጸም ስለሚችል መመዝገባቸው አይቅር። ባለሙያው እስኪደርስ ድረስ ዓይናቸውን ከድናችሁ፣ በንጹሕ ውኃ የረጠበ ጥጥ በላዩ አድርጋችሁ፣ ራሳቸውን በትራስ ከፍ አድርጋችሁ ጠብቁ። አባትዎ ሐሳባቸውን ቢለውጡም የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 19 ቃላቸውን በማናቸውም ጊዜ እንዲሽሩ ይፈቅድላቸዋል።

በጎጃም ይህ ጉዳይ እጅግ ይመለከተናል። ትራኮማ በክልላችን ብዙ ዓይን አጥፍቷል፤ ወደ ውስጥ የታጠፈ ሽፋሽፍት ብሌኑን እየፈገፈገ ያጠለሸዋል። በውቂያ ወቅትም ከአውድማ የተፈናጠረ ገለባ የገበሬን ዓይን ወግቶ፣ በቶሎ ሳይታከም ቀርቶ፣ ነጭ ጠባሳ ትቶ ያልፋል። እንዲህ ያለውን ጠባሳ መነጽርም ሆነ ጠብታ አያነሣውም፤ ለብዙዎቹ ተስፋቸው የሌላ ሰው ብሌን ነው። ትራኮማ ያጠለሸው ዓይን አስቀድሞ ሽፋሽፍቱ በቀዶ ሕክምና መስተካከል እንዳለበት፣ ከዚያም በኋላ ንቅለ ተከላው ሁልጊዜ እንደማይሰምር ግን መደበቅ አይገባም፤ ገና በሽፋሽፍት መታጠፍ ላይ ያለ ሰው ዛሬውኑ ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ።

ጥያቄ፦ ታናሽ ወንድሜ በኩላሊት ሕመም በሳምንት ሁለት ጊዜ ዲያሊስስ (ደምን በማሽን ማጣራት) ያደርጋል። አንድ ኩላሊቴን ልስጠው ብል እኔ በጤና እኖራለሁ? ገና ልጅ መውለድም እፈልጋለሁ።
እኅቱ፣ ከፍኖተ ሰላም

መልስ፦ ውድ እኅታችን፣ ተመርምራ ብቁ የተባለች ሰው በአንድ ኩላሊት በጤና ልትኖርና ልትወልድ ትችላለች፤ በእርግዝና ጊዜ ግን የደም ግፊት የመነሣት ዕድሉ ከፍ ስለሚል ክትትልዎ የጠበቀ ይሁን። ከተቻለ መጀመሪያ ወልደው፣ ልጁን አሳድገው ቢሰጡ ይመረጣል፤ የወንድምዎ ሕመም ያን ያህል ፋታ የሚሰጥ መሆኑን ሐኪሙን ይጠይቁ። በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሌኒየም ሕክምና ኮሌጅ ከ2008 ዓ.ም. መስከረም ጀምሮ ከሕያው ዘመድ የተለገሰ ኩላሊት ይተከላል። እዚያ የደም ዓይነት፣ የሕብረ ሕዋስ መመሳሰልና የሁለታችሁም ጤና ይመረመራል፤ ኩላሊቱ የሚሰጠውም በነጻ እንጂ በክፍያ እንዳልሆነ ይጣራል። ብቻዎን ከሐኪሙ ጋር ሲቀመጡ ቤተሰብ ገፋፍቶዎት ከሆነ ያለ ፍርሃት ይናገሩ፤ «አልችልም» ማለት መብትዎ ነው። ወንድምዎም ንቅለ ተከላው ከተሳካ በኋላ ሰውነቱ የተሰጠውን ኩላሊት እንዳይገፋው የሚያደርገውን መድኃኒት ዕድሜ ልኩን ሳያቋርጥ መውሰድ ስላለበት፣ የመድኃኒቱን ወጪና ከፍኖተ ሰላም አዲስ አበባ የመመላለሱን ነገር ከቀዶ ሕክምናው በፊት አብራችሁ ምከሩበት።