መልስ፦ ዳይሬክተሩ ራሱ ፊልሙ ውስጥ ቢገባስ?

ወዳጄ፣ «ዳይሬክተር በራሱ ዶክመንተሪ ውስጥ መታየቱ ነውር አይደለም ወይ?» ላልከው፣ እኔን መታየቱ ብቻውን አያስከፋኝም። ካሜራ ይዞ ገብቶ እንደሌለ መሆንም እኮ ማስመሰል ነው።

ጀርመናዊው ዳይሬክተር ቨርነር ሄርዞግ እ.ኤ.አ. በ2005 ያወጣውን «ግሪዝሊ ማን» የተባለ ዶክመንተሪ አይተኸዋል? ፊልሙ በየበጋው ከዱር ድቦች መሃል ይኖር ስለነበረው ቲሞቲ ትሬድዌል ነው። እሱንና ፍቅረኛውን እ.ኤ.አ. በ2003 አላስካ ውስጥ ድብ ሲገድላቸው የራሳቸው ካሜራ የቀዳው ድምፅ ብቻ ነው። የሌንሱ ክዳን አልተነሳም ነበር። ሄርዞግ ያንን ድምፅ በጆሮ ማዳመጫ ሲሰማ እናያለን፤ ጀርባውን ሰጥቶናል። ካሜራው የሚያየው ፊት ለፊቱ የተቀመጠችውን የሟቹን የቅርብ ወዳጅ ነው። ማዳመጫውን አውልቆ ሲጨርስ «መቼም እንዳትሰሚው፣ ይልቅ አጥፊው» ይላታል።

እዚህ ጋ ለሁለት እከፈላለሁ። ድምፁን ለእኛ አለማሰማቱ ጨዋነት ነው፤ አንጀቴን አርሶታል። እሱ ቁጭ ብሎ ባይሰማው ኖሮ ያ ዝምታም አይኖርም ነበር። የሴትዮዋ ፊትስ? እሷ የእሱን ገጽታ እያየች ውስጧ ሲረበሽ እኛ እሷ ላይ እናፈጣለን። ካሜራው ወደ እሱ ቢዞር ምን ነበረበት? መታየት ካማረው አይቀር፣ ከባዱን ሰዓት ለሷ ባይሰጣት ባይ ነኝ።

የጠየቅከው ልትሠራ አስበህ ከሆነ ግን ኤዲት ላይ ይህንን ትዕይንት ደጋግመህ እየው።