የዱባ ሐረግን ከውርጭ አሳልፎ ለመጪው ዓመት ማቆየት

ጥያቄ፦ ውድ አዘጋጆች፣ የምኖረው በአሜሪካ፣ በሜሪላንድ ግዛት ነው። በጓሮዬ ያደገው ዱባ ሥጋው ወፍራምና ጣፋጭ ስለሆነ እንዳይጠፋብኝ እፈልጋለሁ። ጎረቤቶቼ ዝኩኒና ሌላ ዓይነት ዱባ ስለሚተክሉ ግን ዘሩ ተዳቅሎ ይሆናል ብዬ ሰጋሁ። ከሐረጉ ቆርጬ እስከ ግንቦት በቤት ውስጥ ባቆየው ይሆንልኛል?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ይሆንልዎታል። ዱባ በዘር የሚራባ የአንድ ወቅት ተክል ቢሆንም፣ ሐረጉ መሬት ለመሬት ሲሳብ በየአንጓው ሥር የመስደድ ባሕርይ ስላለው ተቆርጦ ሲተከልም ይጸድቃል፤ ከቁራጩ የሚያድገውም ተክል በዘሩ ከእናቱ አይለይም። አስቸጋሪው ማጽደቁ ሳይሆን፣ ቀኑ በሚያጥርበት ወራት በሕይወት ማቆየቱ ነው።

ውርጭ የመታው ሐረግ ስለማይድን፣ ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች መውረድ ሳይጀምር በመስከረም ይቁረጡ። ካረጀው ግንድ ሳይሆን ገና በማደግ ላይ ካለው ጫፍ፣ ሁለት ወይም ሦስት አንጓ ያለውን፣ በንጹሕ ስለታም ቢላዋ ከአንጓው ዝቅ ብለው ይቁረጡ፤ በአንጓው ላይ ትናንሽ ነጫጭ እብጠቶች ካዩ ሥር ለማውጣት የተዘጋጀ ነውና እሱን ያስቀድሙ። አበባውንና ትልልቆቹን ቅጠሎች ያስወግዱ፤ ሥር የሌለው ቁራጭ ውኃውን በቅጠሉ በኩል እያጣ ቶሎ ይጠወልጋልና። ከዚያም ቢያንስ አንዱን አንጓ ውኃ በማይቋጥር ለስላሳ አፈር ውስጥ ቀብረው፣ በስስ ላስቲክ ሸፍነው ሞቅ ባለ ቦታ ያኑሩት። የዱባ ግንድ ውስጡ ባዶ ስለሆነ ውኃ ሲበዛበት ከታች ጀምሮ ይበሰብሳል፤ አፈሩ ይርጠብ እንጂ አይጨቅይ።

ሥር ከያዘ በኋላ የመስኮት ብርሃን ብቻውን አይበቃውም። በቀን 14 ሰዓት ያህል የሚበራ የዕፅዋት መብራት ከሌለዎት፣ ሐረጉ እየቀጠነና እየገረጣ ስለሚሄድ ባይደክሙ ይሻላል ባይ ነኝ። መብራቱ ካለ ግን፣ በረዘመ ቁጥር ጫፉን እየቆረጡ እንደገና በመትከል ወጣት ተክል ይዘው ይቆያሉ። ክሽክሽ የሚባለው፣ የተክሉን ጭማቂ የሚመጥ ጥቃቅን ተባይ የሚደበቀው ከቅጠሉ ሥር ስለሆነ ቅጠሉን እየገለበጡ ይመልከቱ።

ስለ መዳቀሉ፣ የጎረቤት አበባ የዘንድሮውን ፍሬ ጣዕም አይለውጥም፤ የሚለወጠው በውስጡ ያለው ዘር ነው። ዝኩኒ የሚያሰጋውም ዱባዎ ከእሱ ጋር አንድ ዝርያ ከሆነ ነው። የፍሬውን እጀታ ይዩ፦ ጠንካራና ባለ አምስት ጎን ሆኖ፣ ፍሬው ላይ ሲደርስ በጣም ሰፍቶ የሚያርፍ ከሆነ ዝርያው ሌላ ነውና ከዝኩኒ ጋር እምብዛም አይዳቀልም።

በእኔ እምነት ቁራጩን በየዓመቱ ማክረም አያስፈልግዎትም፤ አንዴ ካሻገሩት የራሱን ዘር ይውሰዱለት። ግንቦት ላይ ለሳምንት ያህል ቀስ በቀስ ከውጭው አየር ጋር አላምደው ይትከሉት። አበባ ሲይዝ፣ በማግስቱ የሚፈኩትን ወንዴና ሴቴ አበቦች ከዋዜማው ምሽት ጀምሮ በክር አስረው ንብ እንዳይገባባቸው ያድርጉ፤ ሴቴዋን ከሥሯ ባለችው ትንሽ ፍሬ ይለዩአታል። ጠዋት የወንዴውን ብናኝ በሴቴዋ መሐል ቀብተው መልሰው ይሰሯትና፣ ከሌሎቹ እንዳትቀላቀል በእጀታዋ ላይ ቀለም ያለው ክር ይተዉ።