ከወፍ በሽታ በኋላ ደም ማምረት ስላቆመ መቅኒ

እህቴ፣ «ወንድሜ ጤነኛ ጎልማሳ ነበር፤ የወፍ በሽታው ከለቀቀው በኋላ ቀዩም ነጩም የደም ሕዋስ፣ ደም የሚያረጋው ፕላትሌቱም ወረደ፤ ቫይረስ መቅኒን ያደርቃል ወይ?» ብለሽ ጠይቀሻል። አዎ፣ ያደርቃል። እኔ ጎንደር የላቦራቶሪ ባለሙያ ነኝ፤ ከማይክሮስኮፑ በኩል የሚታየውን ልንገርሽ።

ብዙውን ጊዜ ነገሩ የሚጀምረው ዓይኑ ከጠራ፣ ሰውየውም ወደ ሥራው ከተመለሰ ከሁለት ሦስት ወር በኋላ ነው። ፕላትሌት ዕድሜዋ አሥር ቀን ገደማ፣ ቀይ ሕዋስ ግን 120 ቀን ያህል ስለሆነ፣ ድድ መድማትና ነስር ከመገርጣት ሊቀድሙ ይችላሉ። የሄፓታይተስ ኤ፣ ቢ እና ሲ ምርመራም በአብዛኛው ነጻ ይወጣል። ቤተሰብ ያኔ «ላቦራቶሪው ተሳስቷል» ይለናል፤ ለምደነዋል። ነገር ግን መቅኒውን የሚያጠቃው በአብዛኛው ቫይረሱ ራሱ ሳይሆን፣ በእሱ ምክንያት የተቆጣው የሰውነት መከላከያ ነው። ስለዚህም ሕክምናው ይህንን መከላከያ የሚያበርድ መድኃኒት ወይም የመቅኒ ንቅለ ተከላ ነው። ፓርቮቫይረስ ቢ19 ግን የቀይ ደም እናት ሕዋሳትን በቀጥታ ይገድላል፤ ጤነኛ ሰው ላይ ምርቱ ለሳምንት ያህል ቢቆምም ባለቤቱ ሳያውቀው ያልፋል።

አሁን የእኛን አገር ጉዳይ ላንሳ። ወንድምሽ ለሰሊጥ ሥራ መተማ ወይም ሁመራ ወርዶ ያውቃል? እዚያ በአሸዋ ዝንብ ንክሻ የሚተላለፈው የካላዛር በሽታም ሦስቱንም ያወርዳል፤ እሱ ግን ትኩሳትና ያበጠ ጣፊያ ይዞ ይመጣል፣ በደረቀ መቅኒ ደግሞ ጣፊያ አብዛኛውን ጊዜ አያብጥም። የቫይታሚን ቢ12 እጥረትና ኤችአይቪም መታየት አለባቸው። የወሰደውን መድኃኒት ሁሉ፣ በተለይ መቅኒን ሊጎዳ የሚችለውን ክሎራምፌኒኮል የተባለ አንቲባዮቲክ፣ ለሐኪሙ ንገሪ። እነዚህ ሳይጣሩ «ቫይረስ ነው» የሚልሽን አትመኚው።

የመቅኒ ናሙና ሽባ ያደርጋል የሚለውን ወሬ ተዪው፤ የሚወሰደው ከዳሌ አጥንት ነው፣ አከርካሪን አይነካም። ያማል፣ ያ እውነት ነው። ከፈሳሹ ጋር የአጥንት ቁራጭ እንዲወሰድም ጠይቂ፤ መቅኒው በስብ ተተክቶ እንደሆነ በደንብ የሚያሳየው ቁራጩ ነው።

እስከዚያው ድረስ አስፕሪን፣ ዳይክሎፌናክና የጡንቻ መርፌ ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይውሰድ። ትኩሳት ከያዘው በዚያው ሌሊት ሆስፒታል ውሰጂው። አንቺም ደምሽን ለመስጠት አትቸኩዪ፤ ንቅለ ተከላ ከታሰበ መቅኒ ለጋሹ እህት ወይም ወንድም ሊሆን ስለሚችል፣ ቀድሞ የወሰደው የዘመድ ደም ሰውነቱ መቅኒውን እንዲገፋው ሊያደርግ ይችላል።