ራስ ደጀንን ለሌላ ጊዜ አቆዪው

እህቴ፣ «ቅዳሜ ጠዋት ከጎንደር ወጥተን ማታ ለመመለስ አስበናል፣ ራስ ደጀን ያደርሰናል? ካልሆነስ የትኛው ጫፍ ይሻላል?» ብለሽ የጠየቅሽውን አየሁት። ከስር «ይቻላል፣ ግፉበት» ያሉሽ ሰዎች ወይ ሄደው አያውቁም ወይ እየቀለዱብሽ ነው።

ራስ ደጀን በአንድ ቀን አይሆንም። 4,550 ሜትር መሆኑ ብቻ አይደለም ችግሩ። የእግር መንገዱን ከጨነቅ ካምፕ ብትይዢ መጀመሪያ በቧሂት ተራራ ጎን ከ4,000 ሜትር በላይ ትወጫለሽ፣ ከዚያ ያን ሁሉ ለፍተሽ ያገኘሽውን ከፍታ ጥለሽ መሸሃ ወንዝ ድረስ ትወርጃለሽ፣ ከወንዙ እንደገና ወደ አምቢቆ መንደር ሽቅብ ነው። ሰው አምቢቆ አድሮ፣ ሌሊት ተነስቶ ነው ጫፉን የሚወጣው። እናንተ ደግሞ ማታ ጎንደር ራት ልትበሉ አስባችኋል።

ቧሂትስ? 4,430 ሜትር ነው፣ ከጨነቅ ካምፕ ወደ 800 ሜትር ሽቅብ። በደህና እግር ለመውጣት ብቻ ሦስት ሰዓት ያዢ። ይቻላል፣ ግን እኔ የሠራሁትን ስህተት አትድገሚ።

የመጀመሪያ ጊዜ ስንሄድ አራት ነበርን። ከጎንደር 12 ሰዓት ላይ ወጣን፣ አምባ ጊዮርጊስ ላይ ሻይ፣ ዳባት ላይ ቁርስ፣ ደባርቅ ላይ የስሜን ተራሮች ፓርክ ቲኬትና ስካውት (ጠመንጃ የያዘ የፓርክ ጠባቂ) ስንል ፀሐይ ወጣ ብላለች። ከደባርቅ በኋላ ያለውን መንገድ ደግሞ በካርታ አትለኪው፣ ኪሎ ሜትሩ ትንሽ ነው፣ ጊዜው ግን ብዙ ነው። ጨነቅ ስንደርስ 7 ሰዓት ሊሆን ምንም አልቀረው። «እኛ እኮ የደጋ ልጆች ነን» ብለን ሽቅብ ጀመርን።

የደጋ ልጅነት እዚያ አይሠራም። ጎንደር ከ2,100 ሜትር ትንሽ ከፍ ብትል ነው። በግማሽ ቀን ከዚያ ተነስተሽ 4,000 ስትገቢ ሰውነትሽ የሚላመድበት ጊዜ የለውም። ቧሂት ጫፍ ላይ በአንድ ትንፋሽ የምታገኚው ኦክስጅን ባሕር ዳርቻ ላይ ከሚገኘው 60 ከመቶ ገደማ ነው። ስፖርተኛ መሆንም አያድንም። እንዲያውም ጎበዝ ነኝ ባዩ ነው ቶሎ ቶሎ ረግጦ ቀድሞ የሚወድቀው።

ከመሃላችን አንዱ፣ መንገዱን ሙሉ ሲያስቀን የነበረው ልጅ፣ ድንገት ዝም አለ። ቀጥሎ ራሱን ያዘ። ጅብራዎቹ (እነዚያ ረጃጅም የደጋ ተክሎች) መሃል ቁጭ ብሎ የበላውን አወጣው። እኛ «ትንሽ አርፎ ይቀጥላል» እንላለን። ስካውታችን የአባታችን እኩያ ነበሩ፣ ያቺን ኮንጎ ጫማ አድርገው፣ ጠመንጃ ተሸክመው፣ ላብ እንኳ የላቸውም። ልጁን አንድ ጊዜ ፊቱን አዩት። «ይውረድ» አሉ። ክርክር የለም፣ ቦርሳውን ተቀብለው ክንዱን ይዘው ቁልቁል አዞሩት። ካምፑ ሳንደርስ እንደገና ይቀልድ ጀመር። ራስ ምታቱ ከማቅለሽለሽ ጋር ከመጣ መድኃኒቱ መውረድ ነው፣ ለዚያውም ቶሎ። ጫፉን የዚያን ቀን አላየነውም።

ስለዚህ ምን ላድርግ ካልሽኝ፣ በደርሶ መልስ ጫፉን ተዪውና ሰዎች ለቀናት ከሚሄዱበት ረጅም መንገድ አንዷን ቁራጭ ውሰጂ። እኔ የምወደው ከቡይት ራስ ወደ ሳንቃ በር ካምፕ ያለውን ነው። መኪናው ያወርዳችሁና ባዶውን ቀድሞ ሳንቃ በር ይጠብቃችኋል፣ እናንተ የገደሉን ጠርዝ ይዛችሁ በእግር ትደርሳላችሁ። መመለሻ ስለሌለው አያሰለችም። ከፍታው 3,200 አካባቢ ስለሆነ ትንፋሽ ያጥራችኋል እንጂ አይጥላችሁም። ጉልበት ከተረፋችሁ ከሳንቃ በር አለፍ ብሎ ጅንባር ፏፏቴ አለ፣ ወደ 500 ሜትር ገደል ይወረወራል። መስከረምና ጥቅምት ላይ ነው የሚያምረው፣ በጋው ሲገፋ ውሃው ይቀጥናል።

ቡይት ራስ ላይ ጭላዳ ዝንጀሮዎቹን አትለፏቸው። ዝም ብለሽ ቁጭ በይ፣ እነሱም ቁጭ ብለው ሣር ይነጫሉ። መቶ የሚሆኑ ጣቶች ባንዴ ሣር ሲነጩ ድምፁ ይሰማል፣ ቅጭ ቅጭ ይላል። ምግብ እንዳትሰጧቸው።

የግድ ጫፍ ካላችሁ ግን አርብ ማታ ደባርቅ እደሩ። 2,800 ሜትር ላይ አንድ ሌሊት መተኛት ብዙ ነገር ይለውጣል። ቅዳሜ ሌሊት 11 ሰዓት ተነሱ፣ ቲኬቱንና ስካውቱን ከዋዜማው ጨርሱ፣ ቧሂትን በጠዋት ጀምሩ። 7 ሰዓት ሲል የትም ብትሆኑ፣ ጫፉ አፍንጫችሁ ስር ቢሆንም፣ ተመለሱ። ከሰዓት ጉሙ ከገደሉ ሽቅብ ይመጣና ከፊትሽ ያለውን ሰው ይሸፍነዋል። ጨነቅ ላይ ዋልያም ልታዩ ትችላላችሁ፣ ዓለም ላይ ከስሜን ሌላ በዱር የሚኖርበት ቦታ የለም። ይቺ ብቻዋን የነዳጁን ታካክሳለች።

ስካውት መያዝ ግዴታ ነው፣ «ለምን እንከፍላለን» ብላችሁ አትነታረኩ። ክፍያው ስለሚቀያየር ከእኔ አትያዢ፣ ደባርቅ ፓርኩ ጽሕፈት ቤት ጠይቂ። የመንገዱን ሰላምም ከመነሳታችሁ በፊት በዋዜማው ደባርቅ ለምታውቁት ሰው ደውላችሁ አረጋግጡ፣ ይሄን በዋዛ አትዩት።

ስንቅ፦ በሶ፣ ቆሎ፣ ለሰው ሁለት ሊትር ውሃ። ጫማው አዲስ አይሁን። ጠዋት ከጨነቅ ስትነሱ ጓንት ትፈልጊያለሽ፣ እኩለ ቀን ላይ ደግሞ ፀሐዩ አፍንጫሽን ይልጠዋል፣ ኮፍያና ቅባት ያዢ። ምሳችሁን ሜዳ ላይ ትታችሁ ፎቶ ልንነሳ እንዳትሉ። እኛ ለደቂቃ ዞር ስንል ወፍራም መንቁር ያለው ቁራ የዳቦ ቆሎውን ፌስታል ይዞ ገደሉ ላይ ተንሳፈፈ፣ ስካውቱ ብቻ ናቸው የሳቁት። ምሳ ሲቋጠርም የእሳቸውን ድርሻ ጨምራችሁ ቋጥሩ፣ ብዙ ሰው ይረሳዋል።