ፒኩ መቀበል ሲያቆም በሪሴት አትለፈው
ወንድሜ፣ «ፒክ16ኤፍ877ኤ በሲሪያል ደህና ሲቀበል ይቆይና ድንገት ቀጥ ይላል፣ ሪሴት ሳደርገው ይሠራል» ነው ያልከው። ቺፑ (ማይክሮኮንትሮለሩ፣ በአንድ ቺፕ ላይ ያለ ትንሽ ኮምፒውተር) ጤነኛ ነው፣ ሌላ አትግዛ። ይሄ ኦቨርረን ነው፣ የመጣው ሳይነሳ ሌላ ሲደራረብ የሚፈጠር ስህተት።

የዚህ ቺፕ መቀበያ ሁለት ባይት ብቻ ነው የሚይዘው። ሁለቱን ሳታነሳለት ሦስተኛው መጥቶ ካለቀ ኦኢአርአር የሚባለው ቢት 1 ይሆናል፣ ከዚያ ወዲያ የፈለገ ቢላክለት አይቀበልም። ቢቱን በቀጥታ 0 ማድረግ አይቻልም። መጀመሪያ አርሲሬግን (የመጣው ባይት የሚነበብበትን ሬጅስተር) ሁለቴ አንብብ፣ የተያዙት ሁለቱ ባይቶች አልጠፉም። ቀጥለህ ሲአርኢኤንን (መቀበያውን የሚያበራና የሚያጠፋውን ቢት) 0 አድርገህ መልሰህ 1 አድርገው። ሪሴትም የሚያደርግልህ ይሄንኑ ነው።

ግን ይሄን ብቻ ሠርተህ እንዳትተኛ። ቺፑ መቆሙን ይተዋል እንጂ የጠፋው ባይት አይመለስም፣ መልእክትህ መሃሉ ተቆርጦ ነው የሚደርስህ። ዋናው ሉፕህ ላይ የ50 ሚሊሰከንድ ዲሌይ አለ አይደል? በ9600 ባውድ (በሰከንድ 9600 ቢት) አንድ ባይት ከስታርትና ከስቶፕ ቢቱ ጋር 1 ሚሊሰከንድ ገደማ ይፈጅበታል። አንተ ዲሌይ ላይ ሆነህ ላኪው ካላቋረጠ ወደ 48 ባይት ይመጣል ማለት ነው፣ ለሁለት ሰው ወንበር ይዘህ 48 እንግዳ እንደመጥራት። በኢንተራፕት (ባይት ሲመጣ ዋናውን ሥራ አቋርጦ በሚሮጥ ኮድ) ተቀበል፣ ባይቱን ሪንግ ባፈር (እንደ ቀለበት እየዞረ የሚሞላ ወረፋ) ውስጥ ጣለውና ውጣ። ኢንተራፕት ውስጥ ኤልሲዲ ላይ የሚጽፍ ኮድ ስንቱን አይቻለሁ መሰለህ፣ ከዚያ «ዳታ ይጠፋብኛል» ይባላል!

ፍሬሚንግ ኤረር ሌላ ነገር ነው፣ ከዚህ ጋር አትቀላቅለው። ስቶፕ ቢቱ 1 መሆን ሲገባው 0 ሆኖ ተገኘ ማለት ነው። የፕሮግራምህ ፍጥነት እዚህ ውስጥ የለበትም፣ ወይ ባውድ ሬቱ አልገጠመም ወይ ሽቦው ላይ ችግር አለ። በ4 ሜጋኸርትዝ ክሪስታል ኤስፒቢአርጂን (ባውድ ሬቱን የሚወስነውን ሬጅስተር) 25 አድርገህ ቢአርጂኤችን (የከፍተኛ ፍጥነት መምረጫ ቢቱን) 1 ካደረግክ 9615 ይሰጥሃል፣ ለ9600 ከበቂ በላይ ነው። ቢአርጂኤችን 0 ከተውከው ግን 2404 ላይ ትወርዳለህ፣ የሚመጣውም ዝባዝንኬ ብቻ ነው። ባይቱ 0 ሆኖ ከፍሬሚንግ ኤረር ጋር ከመጣ መስመሩ ወርዶ ቀርቷል፣ ኬብሉ መነቀሉን ወይም ወዲያኛው መሣሪያ መጥፋቱን እይ።

ቅደም ተከተሉን ደግሞ አደራ፦ ኤፍኢአርአርን (የፍሬሚንግ ኤረር ምልክት ቢቱን) ከአርሲሬግ በፊት አንብብ። አርሲሬግን ካነበብክ በኋላ የምታየው የቀጣዩን ባይት ምልክት ነው። ኤቪአር የሚባለው ሌላው የማይክሮኮንትሮለር ቤተሰብ ላይም እንደዚሁ ነው፣ የስህተት ቢቶቹ ከዩዲአር (የእሱ የዳታ ሬጅስተር) በፊት ይነበባሉ።

እኔ ለሁለቱ ስህተቶች ለየብቻ ቆጣሪ ሳላስገባ ኮድ አልጽፍም። አንዴ ሪሌይ በተዘጋ ቁጥር የፍሬሚንጉ ቆጣሪ ይዘል ነበር፣ ኦቨርረኑ ግን ንቅንቅ አላለም። ስለዚህ ኮዱን ሳልነካ በቀጥታ ወደ ሽቦው ሄድኩ፣ የግራውንድ ሽቦው ላልቶ ተገኘ።

አንተም ሁለቱን ቆጣሪዎች አስገባና ሲቆም የትኛው እንደጨመረ እዚሁ ጻፍልኝ።