የስታንድባይ ተራና የኮክፒት ወንበር፦ ለጥያቄዎቻችሁ መልስ

በዚህ ዙር የደረሱኝ ጥያቄዎች አሜሪካ ውስጥ ለአየር መንገድ ከሚሠሩ አንባቢዎችና ከቤተሰቦቻቸው ናቸው። ረዘም ያሉትን አሳጥሬያለሁ። ለማያውቅ ሰው፦ ስታንድባይ ማለት ባዶ ወንበር ከተገኘ ብቻ መሳፈር ነው፤ ፓስ ደግሞ ሠራተኛውና ቤተሰቡ በነፃ ወይም በቅናሽ የሚሄዱበት ፈቃድ ነው።

ጥያቄ፦ ሻንጣ ጫኝ ነኝ፤ አራተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ባለፈው በስታንድባይ ልሄድ በሩ ላይ ስጠብቅ ስክሪኑ ላይ አንደኛ ነበርኩ። በረራው ሊዘጋ ሲል አራተኛ ሆንኩና ቀረሁ። ዘግይተው የመጡት እንዴት ቀደሙኝ? እዚህም በዘመድ ነው እንዴ የሚሠራው?

የለም ወንድሜ፣ ማንም አላደላብህም። ስክሪኑ የሚያሳይህ የዚያችን ደቂቃ ተራ ነው፤ አዲስ ሰው በገባ ቁጥር ዝርዝሩ እንደገና ይደረደራል። ሲደረደር ደግሞ መጀመሪያ የሚታየው ማን ቀድሞ ደረሰ ሳይሆን ማን በምን ዓይነት ፓስ መጣ ነው። ከፍሎ ገዝቶ ተያያዥ በረራው ያመለጠው መንገደኛ ከሁላችሁም በላይ ነው። ከሠራተኛው ውስጥ ደግሞ በዓመት በቁጥር የተወሰነችውን የቅድሚያ ፓስ ያወጣ ሰው ይቀድማል። ከዚያ ተራው ሠራተኛ ከነትዳር ጓደኛውና ከነልጆቹ ይመጣል። ወላጅ፣ ባዲ ፓስ (ሠራተኛው ለወዳጁ የሚሰጠው ፓስ) የያዘ ሰውና የሌላ አየር መንገድ ሠራተኛ ወደታች ናቸው፤ የነሱ ቅደም ተከተል ከኩባንያ ኩባንያ ይለያያል።

በአንድ እርከን ላይ ያሉትን የሚለያቸው ምንድን ነው? እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። ዴልታና ዩናይትድ የሚያዩት የቅጥር ቀንን ነው። ሃያ ዓመት ያገለገለ ሰው በር ሊዘጋ ሲል እያለከለከ ቢደርስ እንኳ ካንተ በላይ ይቀመጣል። አሜሪካን ኤርላይንስ ግን ቼክ ኢን ያደረግክበትን ሰዓት ነው የሚያየው፤ እዚያ የሚሠሩት ልክ 24 ሰዓት ሲቀረው ስልካቸው ላይ አፍጥጠው የሚጠብቁት ለዚህ ነው። የትኛው ይሻላል ብትለኝ፣ አዲስ ለተቀጠረ ሰው የሁለተኛው፣ ለቆየው የመጀመሪያው። ሁለቱንም የሚያስደስት አሠራር እስካሁን አላየሁም።

ሌላው፣ ዩኒፎርም ለብሰው መጨረሻ ላይ መጥተው የገቡ ከነበሩ፣ እነሱ ምናልባት ስታንድባይ አልነበሩም። ኩባንያው ሌላ ከተማ ለሚጠብቃቸው በረራ የሚልካቸው ሠራተኞች ዲድሄድ ይባላሉ፤ ወንበራቸው የተያዘ ነው፤ ካንተ ጋር ውድድር ውስጥ የሉም። በኤፕሪል 2017 ከቺካጎ ወደ ሉዊቪል ሊነሳ በነበረው የዩናይትድ 3411 በረራ ላይ ከፍሎ የተቀመጠ መንገደኛ በደኅንነት ሠራተኞች እየተጎተተ የወረደው ለእንዲህ ዓይነት አራት ሠራተኞች ቦታ ለማግኘት ነበር። ከዚያ በኋላ ዩናይትድ ሠራተኞቹን በራሱ አውሮፕላን ሲልክ ከበረራው ቢያንስ 60 ደቂቃ በፊት እንዲመዘገቡ ደንብ አውጥቷል።

ስለዚህ ስክሪኑ ላይ አንደኛ መሆንህን ትተህ ስንት ባዶ ወንበር እንዳለና ቀደም ያለው በረራ ተሰርዞ እንደሆነ እይ። ጠዋት አንድ በረራ ከተሰረዘ፣ የዚያ ሁሉ መንገደኛ ማታ ካንተ በላይ ተሰልፏል።

ጥያቄ፦ እናቴን በእኔ ፓስ ላመጣት ነው። ብቻዋን ነው የምትጓዘው። ምን ላስጠንቅቃት?

እህቴ፣ የቀኑን የመጀመሪያ በረራ ያዢላት እንጂ የመጨረሻውን አትንኪ። ከቀረች ሆቴል የሚከፍልላት የለም። መድኃኒቷን በእጇ ትያዝ። የኩባንያሽ በረራ ሁሉ ሞልቶ ከሆነ በሌላ አየር መንገድ ዜድ የሚባለውን የሠራተኛ ቅናሽ ትኬት ግዢላት፤ ካልተጠቀመችበት ገንዘቡ ይመለሳል። እሱም ቢሆን ግን ስታንድባይ ነው።

አለባበስ ላይ ደንቡን አንብቢ። በማርች 2017 ዴንቨር ላይ ሁለት ታዳጊ ልጃገረዶች በፓስ ሊሳፈሩ ሲሉ ሌጊንግስ ለብሳችኋል ተብለው ከዩናይትድ በረራ ቀርተዋል፤ ያን ጊዜ ዓለም ሁሉ ተንጫጫ። ትኬት ገዝተው ቢሆን ማንም አይናገራቸውም ነበር። ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር፦ ባዲ ፓስ ለሰው መሸጥ ከሥራ ያስባርራል። ዓይናቸውን በጨው ታጥበው የሚሸጡ እንዳሉ ባውቅም፣ ከእንጀራሽ የሚበልጥ ብር አያመጣም።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ ረዳት አብራሪ ነው። የምንኖረው አትላንታ፣ ሥራው ኒውአርክ። አውሮፕላኑ ሞልቶ እኔ ስቀር እሱ ኮክፒት ውስጥ ተቀምጦ ይሄዳል። በምን መብት? እኔስ አብሬው መቀመጥ አልችልም?

አትችይም፤ ለምን እንደማትችይ ግን ላስረዳሽ። ያ ከአብራሪዎቹ ጀርባ ያለው ጠባብ ታጣፊ ወንበር ጃምፕሲት ይባላል። መጀመሪያ የተሠራው ለፈታሾችና ለተቆጣጣሪዎች ነው። አየር መንገዶቹ ተስማምተው አንዱ የሌላውን አብራሪ በነፃ እንዲወስድ ስላደረጉ፣ ቤቱ አንድ ከተማ ሥራው ሌላ ከተማ የሆነ አብራሪ ሁሉ ሕይወቱ በዚህች ወንበር ላይ ተንጠልጥሏል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ባልሽ በሩ ላይ ቀርቦ የኩባንያ መታወቂያውን፣ የአብራሪነት ፈቃዱንና የሕክምና ምስክር ወረቀቱን ያሳያል። የበሩ ሠራተኛ የኩባንያውን ስምና የሠራተኛ ቁጥሩን ካስ በሚባለው የማረጋገጫ ሥርዓት ውስጥ ያስገባል፤ ሥርዓቱም አሁንም በሥራ ላይ መሆኑን ያረጋግጥና ፎቶውን ይመልሳል። ፎቶውና ፊቱ አንድ ከሆኑ ወደ አውሮፕላኑ ይገባል። አላለቀም፤ ኮክፒቱ ደጃፍ ላይ ቆሞ ካፒቴኑን ይጠይቃል። ካቢን ውስጥ ባዶ ወንበር ካለ ወደዚያ ይሰዱታል፤ ከሌለ ጃምፕሲቱ ላይ ቀበቶውን አስሮ ይቀመጣል። እዚያ ሲቀመጥ እንደ ተጨማሪ የበረራ ሠራተኛ ነው የሚቆጠረው። ከ10,000 ጫማ በታች ወሬ የለም፤ ቢራማ አይታሰብም።

ካስ የመጣው ከሴፕቴምበር 2001 በኋላ የኮክፒት በር ሲጠብቅና የሌላ ኩባንያ አብራሪ ማስገባት ሲቆም ነው። አንቺ በዚያ ሥርዓት ውስጥ የለሽም፤ ትዳር አያስገባም።

ጥያቄ፦ ክልላዊ አየር መንገድ ውስጥ አዲስ አብራሪ ነኝ። ሁሉም ወረቀቴ የተሟላ ሆኖ ካፒቴኑ ጃምፕሲቱን ከለከለኝ። ክስ ባቀርብስ?

ለማን? ኮክፒቱ የካፒቴኑ ነው። ለደኅንነት ሲል ማንንም ያለማስገባት ሥልጣን በሕግ አለው። ክብደት ሞልቶበት ሊሆን ይችላል፤ የራሱ ኩባንያ አብራሪ ቀድሞህም ሊሆን ይችላል፤ ፊትህ ላይ ያየው ነገር ደስ ሳይለው ቀርቶም ይሆናል። ይህን የመጨረሻውን አትናቅ። በኦክቶበር 2023 ዋሽንግተን ግዛት ካለችው ኤቨረት ከተማ ወደ ሳን ፍራንሲስኮ ሲበር በነበረ የአላስካ አየር መንገድ 2059 በረራ ላይ ጃምፕሲት የተፈቀደለት ከሥራ ውጭ የነበረ አብራሪ ሞተር ማጥፊያ የእሳት እጀታዎቹን ሊስብ ሲሞክር ሁለቱ አብራሪዎች ታግለው አስቁመውታል፤ አውሮፕላኑ ፖርትላንድ በሰላም አረፈ። ሰውየው በካስ ሲታይ ንጹህ ነበር። ማሽኑ ሥራ ላይ መሆንህን ያውቃል፤ እንዴት እንዳደርክ አያውቅም። ስለዚህ ስትቀርብ ሰላምታ ሰጥተህ፣ ማንነትህንና ኩባንያህን ተናግረህ፣ «ይፈቀድልኛል ወይ?» ብለህ ጠይቅ። ሻንጣህን እየጎተትክ፣ ቡናህን ይዘህ ዘው አትበል።

ጥያቄ፦ ጠዋት ከቤቴ በጃምፕሲት ተነስቼ ያንኑ ቀን ሥራ ብጀምር ሕግ ጥሻለሁ?

ጉዞው በራሱ አልተከለከለም። ከ2014 ጀምሮ የሚሠራው የመንገደኛ በረራ የዕረፍት ደንብ ኩባንያው ከሥራ በፊት 10 ሰዓት ዕረፍት እንዲሰጥህ፣ በውስጡም ለ8 ሰዓት እንቅልፍ ዕድል እንዲኖርህ ያስገድዳል። ያን ጊዜ በጉዞ ብታጠፋው ለኩባንያው አሁንም ዕረፍት ነው። ነገር ግን ለእያንዳንዱ በረራ ብቁ ነኝ ብለህ የምታረጋግጠው አንተው ነህ፤ ደክሞህ ካረጋገጥክ ጥፋቱ ያንተ ነው።

በፌብሩዋሪ 2009 ቡፋሎ አጠገብ የወደቀውን የኮልጋን አየር መንገድ 3407 በረራ አስብ፤ 50 ሰው አልቋል። ረዳት አብራሪዋ ሌሊቱን በሁለት የፌዴክስ በረራዎች በጃምፕሲት ከሲያትል በሜምፊስ አድርጋ ኒውአርክ የገባች ናት፤ ካፒቴኑ ደግሞ ኒውአርክ በሠራተኞች ማረፊያ ክፍል ነበር ያደረው። መርማሪዎቹ የአደጋው ምክንያት ካፒቴኑ አውሮፕላኑ ፍጥነት አጥቶ ሊወድቅ ነው ለሚለው ማስጠንቀቂያ የሰጠው የተሳሳተ ምላሽ ነው ቢሉም፣ ድካሙ ሁለቱንም ሳይጎዳ እንዳልቀረ ጽፈዋል። የዕረፍት ደንቡ የጠበቀው ከዚያ በኋላ ነው።

እኔ ብሆን ማታውኑ እሄዳለሁ። ከሌሎች ጋር ተጋርቶ የሚከራይ የማደሪያ ክፍል ከባድ ወጪ አይደለም። የሠራተኛ ስምምነታችሁ ውስጥ የኮሚውተር (ከሌላ ከተማ ወደ ሥራው የሚመላለስ ሠራተኛ) አንቀጽ ካለ አንብበው፤ ብዙውን ጊዜ ሁለት በረራ ሞክረህ ከቀረህ ከቅጣት ያድንሃል፤ አንድ ብቻ ሞክረህ ከቀረህ ግን አያድንህም።

ጥያቄ፦ የበረራ አስተናጋጅ ነኝ። እኔስ ኮክፒት ውስጥ መቀመጥ እችላለሁ?

ያንቺ ጃምፕሲት ካቢን ውስጥ ያለው ነው፤ እሱም ባጠቃላይ በራስሽ ኩባንያ አውሮፕላን ላይ። ከመነሳትሽ በፊት ደንቡን ከተቆጣጣሪሽ ጠይቂ።