«ሁለት ቢራ ምን ያደርጋል?» የባህር ዳር ነጂዎች ጥያቄና መልስ

ባህር ዳር ውስጥ በድንገተኛ ክፍል የምሠራ ነርስ ነኝ። የጥር ሰርግ ሲደርስ የምናክማቸው ቁስለኞች ስለሚያስጨንቁኝ፣ ስለ መጠጥ፣ ስለ ጫትና ስለ መንዳት የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ ብዬ ነበር። ከመጡት ጥያቄዎች እነዚህን መለስኩ።

ሲስተር፣ ሁለት ቢራ ሰው ያሰክራል እንዴ? እኔ እስከ አራት ድረስ ምንም አይለኝም። (ባጃጅ ነጂ፣ አባይ ማዶ)

ወንድሜ፣ እኔን የምታስፈራኝ ይህቺ «ምንም አይለኝም» የምትለዋ ናት። አልኮል እግር ላይ ከመድረሱ በፊት ራሳችንን የምንመዝንበትን አእምሮ ይነካል። የሚንገዳገደውን ሰው ጓደኞቹ ቁልፉን ይቀሙታል፤ ቀጥ ብሎ እየሄደ፣ እየሳቀ ሒሳብ የሚከፍለውን ግን ማንም አይከለክለውም።

ቁጥሩን እንየው። 330 ሚሊ ሊትር የሚይዝ፣ 5 በመቶ አልኮል ያለው ጠርሙስ ውስጥ 13 ግራም ያህል ንጹህ አልኮል አለ። ጉበት በሰዓት የሚያስወግደው በአማካይ 10 ግራም ግድም ነው። ሁለት ቢራ ከሁለት ሰዓት ተኩል በላይ፣ አራት ቢራ ከአምስት ሰዓት በላይ ደምህ ውስጥ ይቆያል ማለት ነው። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና ደግሞ በአንድ ሴኮንድ 17 ሜትር ያህል ይጓዛል። ግማሽ ሴኮንድ ብቻ ብትዘገይ፣ ፍሬኑን የምትረግጠው ዜብራውን ካለፍክ በኋላ ነው።

የእናቴ ጠላ ነው፤ ፋብሪካ አልነካውም። እሱም ይቆጠራል?

ይቆጠራል እህቴ። እንዲያውም የቤት መጠጥ የሚከፋው ልኩ ስለማይታወቅ ነው፤ ጉሹና ቅራሪው አንድ አይደሉም። አረቄ ከ40 በመቶ በላይ ሊሆን ይችላል፣ እንዲያ ከሆነ አንዲት ትንሽ መለኪያ ከአንድ ጠርሙስ ቢራ አታንስም። ጠጅ ደግሞ ጣፋጭነቱ ያዘናጋል።

ማኅበር ወይም ዝክር ላይ «በሞቴ» ሲባል እምቢ ማለት እንደሚከብድ አውቃለሁ፤ እኔም እዚሁ አገር ነው ያደግኩት። ከተቀዳ በኋላ መመለስ ነው ነውሩ። ገና ስትገቢ «መኪና ይዣለሁ፣ ብርዝ ካለ» ካልሽ ማንም አይቀየምሽም።

ጥቁር ቡና ጠጥቼ ፊቴን በቀዝቃዛ ውሃ ብታጠብስ?

ቡና እንቅልፍ ያባርራል እንጂ አልኮሉን ከደም አያወጣም። ነቅተህ የሰከርክ ትሆናለህ። የሚያጠራው ጊዜ ብቻ ነው።

ከባህር ዳር አዲስ አበባ ሌሊት ጭነት እነዳለሁ። ካልቃምኩ እንቅልፍ ይጥለኛል፤ ታዲያ ምን ይሻላል?

ጋሼ፣ በሐቅ ስለጠየቁኝ በሐቅ ልመልስ። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን ከአምፌታሚን ጋር የሚቀራረብ አነቃቂ ነው። ድካሙን ይሸፍነዋል፣ እንቅልፉን ግን አይተኛልዎትም። ምርቃናው ላይ መንገዱ ይቀልልዎታል፣ ፍጥነት ይጨምራሉ፤ ሲለቅዎት የተጠራቀመው እንቅልፍ በአንዴ ይወርዳል። ያ ሰዓት ከደጀን ወደ አባይ በረሃ ሲወርዱ ቢገጥምዎት ያስቡት። በ60 ፍጥነት አራት ሴኮንድ ማንጎላጀት 67 ሜትር ያህል ያለ ነጂ መሄድ ነው።

አንድ ሌሊት የመጣ ሾፌር አይረሳኝም። ትንፋሹን እንዳይዘጋበት ብዬ ከጉንጩ ያልተተፋ ጫት በጣቴ አወጣሁ። ጎማ አልፈነዳም፣ ፍሬን አልበጠሰም። «መንገዱ ቀጥ ያለ መስሎኝ» ብቻ ነበር የሚለው፤ ደጋግሞ።

ከዚህ የሚብሰው ጨብሲው፣ ከጫት በኋላ የሚጠጣው መጠጥ፣ ነው። ምርቃናው ስካሩን ስለሚደብቀው ሰው ከወትሮው አብልጦ ይጠጣል። ደብረ ማርቆስ ላይ ዳር ይዘው 20 ደቂቃ ቢተኙ ከአንድ እስር ጫት ይሻልዎታል። ሌሊቱን ሙሉ የሚተካ እንቅልፍ ግን አይደለም። ካልቻሉ አይንዱ፤ «ጧት ድረስ» የሚለው አሠሪም ይህን ይስማ።

የጉንፋን ኪኒን ወስጄ መንዳት እችላለሁ?

ክሎርፌኒራሚን ያለበት ከሆነ ያስተኛል። ማረጋጊያው ዳያዚፓምና የሕመም ማስታገሻው ትራማዶልም እንደዚያው፤ ከመጠጥ ጋር ሲሆኑ እስትንፋስ እስከማቆም ይደርሳሉ። ፋርማሲስቱን «መንዳት እችላለሁ?» ብለህ ሳትጠይቅ አትውጣ።

እኔ ወደ ዘጌ ሰው የማመላልስ ጀልባ ነጂ ነኝ። ጣና ላይ ትራፊክ የለም፤ እኔንም ይመለከታል?

አዎ። ከውሃው ብዙም ከፍ የማትለው የደንገል ታንኳ በጧት ጭጋግ ውስጥ እንዴት እንደምትጠፋ አንተ ከእኔ በላይ ታውቃለህ። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሳና ማዕበሉ ሲጀምር ፈጥኖ የሚወስን ጭንቅላት ያስፈልጋል። የጠጣ ሰው ውሃ ውስጥ ከወደቀ ደግሞ ሙቀቱን ቶሎ ያጣል፣ ዳርቻውም ቅርብ ይመስለዋል። ላይፍ ጃኬቱን መቀመጫ ሥር አታስቀምጠው።

ባለቤቴ ሚኒባስ ነጂ ነው፤ በየቀኑ አረቄ ይጠጣል። ትናንት ቁልፉንም ጠርሙሱንም ደበቅሁበት። ጥሩ አደረግሁ?

እህቴ፣ ቁልፉን መደበቅሽ ልክ ነው። ጠርሙሱ ላይ ግን ተጠንቀቂ። ለረጅም ጊዜ በየቀኑ ብዙ ሲጠጣ የኖረ ሰው በአንድ ጊዜ ሲያቆም፣ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ቀናት እጁ ሊንቀጠቀጥ፣ ሊያልበው፣ የሌለ ነገር ሊያይ፣ እንደሚጥል በሽታ ሊጥለው ይችላል። ይህ ይገድላል። ሐኪም ባለበት በመድኃኒት ታግዞ ሲያቆም ግን በሰላም ይወጣዋል። ፀበል ልውሰደው ብለሽም ጽፈሻል፤ አልከለክልሽም፣ መጀመሪያ ግን ሐኪም ይየው። ወደ ፈለገ ህይወት ወይም ጥበበ ጊዮን ሆስፒታል ውሰጂው፤ በየቀኑ ምን ያህል እንደሚጠጣና መቼ እንዳቆመ ሳትደብቂ ንገሪያቸው። ከጣለው የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው፤ በጎኑ አስተኚው፣ አፉ ውስጥ ምንም አትክተቺ። ዛሬ እጁ መንቀጥቀጥ ከጀመረ ነገን አትጠብቂ። ቁልፉ አንቺ ጋ ይቆይ።